በሰው ድንኳን ውስጥ ያለቀስሽው ለቅሶ

ቴሬዝዬ፣ አንቺ የዳምቦያ ልጅ፤

እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም። እዚያ ስላለው ኑሮ ቄሳችን አባም ቢሆኑ የሚያውቁት በወሬ ነው። ከተለየሽኝ ሁለት ወር ሊሞላ ስድስት ቀን ቀርቶታል። አርባሽ ወጥቷል፤ ድንኳኑ ፈርሷል፤ የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮችም ተመልሰዋል። የአንዱ እግር ተሰብሮ ስለተገኘ ማን ሰበረው የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። የተቀመጥሁበት እኔ ነኝ፤ ዝም አልኩ። ሐዘንተኛ ወንበር ሰበረ አይባልም።

ቤቱ እንዳለ አለ። ጓሮ ቀብረሽው የሄድሽውን ቆጮ የጴጥሮስ ሚስት ባለፈው ሳምንት ጉድጓዱን ከፍታ አወጣችው። አንቺ የፋቅሽው፣ አንቺ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለሽ ድንጋይ የጫንሽበት ነው። ጥሩ በስሏል። "ይቺ ሴትዮ ሞታም ታበላናለች" ብዬ ልቀልድ አልኩና ጉርሻውን መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርሁት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሴቶቹ በኩል፣ ሦስተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ያለው ቦታሽ ተይዟል፤ አንዲት ወፍራም ሴት ናት፣ ስትዘምር ካንቺ ትሻላለች። ልጃችን ጴጥሮስ ልብስሽን ለችግረኞች እንስጥ ይለኛል። ቁም ሣጥኑን ቆልፌ ቁልፉ ጠፋ ብያለሁ። ካልሲዬ ውስጥ ነው።

ይህን በአማርኛ የምጽፍልሽ አማርኛ የሰላም ጊዜ ቋንቋችን ስለነበረ ነው። ስንጣላ አንቺ ወደ ከምባትኛሽ፣ እኔ ወደ ሀዲይኛዬ እንሸሽ ነበር፤ የሌላውን ስድብ ጥርት አድርገን እየሰማን ያልገባን እንመስላለን። ባለፉት ሁለት ዓመታት ቤታችን ውስጥ ከምባትኛ በዛ።

ልነግርሽ የተነሣሁት ስለ ወይንሸት ነው። ልጃችን እስካለፈው ረቡዕ ድረስ መሞትሽን አታውቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጠብቃ፣ እዚያ ጆሃንስበርግ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ይህንንስ አውቀሽ ነው የሄድሽው። "እስክትገላገል አይነገራት" አሉ ልጆቹ። "ልክ ነው" አሉ ሽማግሌዎቹ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው። ግን እኔና አንቺ እዚያ አገር የሄድንበትን ጉዞ ሳላነሣ ብጀምር ጨዋ ሰው እመስላለሁ። አይሆንም።

ሁለት ዓመት አለፈው። ወይንሸት ቲኬት ልካልን በሐምሌ ሄድን። አውሮፕላኑ ውስጥ ስንገባ፣ "ሰው ተቀምጦ እያየሁ ሳልሰላም አላልፍም፣ ከብት አይደለሁም" አልሽና ከፊተኛው ወንበር ጀምረሽ መጨበጥ ያዝሽ። ጥቁሩን፣ ነጩን፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካውን፣ የተኛውንም ቀስቅሰሽ። ከኋላሽ ያለው መንገደኛ እስከ በሩ ተሰለፈ። አስተናጋጇ "እማማ፣ እባክዎ ይለፉ" ስትልሽ እሷንም ጨበጥሻት። እኔ ሹልክ ብዬ ቀድሜ ተቀምጬ፣ የማላውቅሽ መስዬ በመስኮት አያለሁ። አንቺ ደግሞ ከሩቅ እያመለከትሽ፣ "ያ ባሌ ነው፤ ተኮራርፈን አይደለም፣ ዓይን አፋር ሆኖ ነው" ብለሽ ለመንደሩ ሁሉ አስታወቅሽ።

ተራው ለኔ ደረሰ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርሁ፣ የአፍሪካን ካርታ ዓይኔን ጨፍኜ በጠመኔ የምሥል ሰው፣ በደረስን በሁለተኛው ቀን "መሪ አያስፈልገኝም" ብዬ ከወይንሸት ሱቅ ወደ ቤቷ ልወስድሽ ወጣሁ። ረፋድ ነው። ፀሐይን አየሁ፣ ምሥራቅን ለየሁ፣ ቀኝና ግራዬን አሰላሁ። ለካስ በዚያ አገር በሐምሌ የረፋድ ፀሐይ ወደ ሰሜን ሸሽታ ነው የምትቆመው። ይህን ራሴ ለስምንተኛ ክፍል ስንት ጊዜ ፈተና አውጥቼበታለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀጥ ብለን ስንሄድ ቤቶቹ አለቁና ደረቅ ሣር ሆነ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሽና፣ "አይ የኔ መምህር፣ ያስተማርካቸው ልጆች ሁሉ አሁን የት ጠፍተው ይሆን?" አልሽ። ከዚያ ሳቅ ያዘሽ። ወይንሸት በመኪና መጥታ ስታነሣን እንኳ አላቆምሽም። ያን ሳቅ ለመስማት ብዬ በኑሮዬ ስንት ጊዜ ሆን ብዬ እንደጠፋሁ አታውቂም። ያን ቀን ግን የምሬን ነበር የጠፋሁት።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጴጥሮስ ደወለ። "አባባ፣ ብቻህን ነህ?" አለኝ። ይህችን ጥያቄ አውቃታለሁ። ዕድራችን መርዶ ነጋሪ ሲልክ እኔን ማስቀደም ከጀመረ ስንት ዓመቱ ነው፤ አፉ ለስላሳ ነው፣ ነገር ያዋዛል ተብዬ። ከሱቁ ጀርባ ወጣሁ። ወንድምሽ ማቴዎስ ከትናንት በስቲያ ማሳው ላይ ወድቆ አልተነሣም፤ ትናንት ቀበርነው አለኝ። እናታችሁ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ የነበረው፣ ራስሽ ልጅ ሳለሽ በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽው ማቴዎስ። "እዚያ እንዳትነግራት" አለ ጴጥሮስ፤ "ማን ይይዛታል? ዘመድ የለ፣ ጎረቤት የለ። ስትመለሱ ሽማግሌ በንጋት ገብቶ በወጉ ይነግራታል።" ልክ ነህ አልኩት። ወጉ እንዲህ ነዋ። እኔስ በዚህ ወግ ስንቱን ቤት ስንት ቀን አቆይቻለሁ። ለወይንሸትም አልነገርኳትም፤ ፊቷ አይደብቅም፣ አንቺ ታነቢው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ከወይንሸት ቤት ሦስት ቤት አልፎ መንገዱ ላይ ድንኳን ተተክሎ አየሽ። ሴቶቹ ራሳቸውን በሻሽ አስረው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀዝቀዝ ያለ ዜማ ያዜማሉ። ወይንሸት ሱቅ ውላለች። "ጎረቤት ሐዘን ተቀምጦ እያየሁ ምሳ አልበላም" አልሽ፤ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ገባሽ። እኔ እስከ ደጃፉ ተከተልሁሽ። አንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀምጠሽ ለማታውቂው ሰው ማልቀስ ጀመርሽ። እኛ አገር ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው የራሱን ሙታን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው፤ አንቺም እናትሽን ጠራሽ፣ ጡት ሳይጥል የሞተብንን የመጀመሪያ ልጃችንን ጠራሽ። ሴቶቹ ዜማቸውን አቋርጠው እርስ በርሳቸው ተያዩ።

እኔ ከበሩ ሆኜ በሪባን የተሸለመውን ወንበር አየሁ፤ ከጥግ ያለውን የስጦታ ቁልል አየሁ። የጥሎሽ ቀን ነው ኖሯል። የሙሽራው ወገኖች ለሙሽሪት እናትና ለአክስቶቿ ብርድ ልብስ የሚያለብሱበት። በአንድ ቃል ጠርቼ ላወጣሽ እችል ነበር። ቆምሁ። በዚያች ሰዓት ዳምቦያ ላይ የማቴዎስ ድንኳን ተተክሎ አገር ተሰብስቧል፤ የጎደለችው እኅቱ ብቻ ናት። ታልቅስ አልኩ። ሳታውቅም ቢሆን ታልቅስለት። ያን ያደረግሁት አዝኜልሽ ይሁን ፈርቼሽ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አሮጊቷ አንድ ቃል ሳትግባቡ አቅፋሽ አብራሽ አነባች። ወይንሸት እየሮጠች መጥታ ነገሩን ስታስረዳ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። አንቺም ፊትሽን በነጠላ ሸፍነሽ ትስቂያለሽ። ብርድ ልብስ ደረቡልሽ፣ ሥጋ አበሉሽ፣ ከሙሽሪት እናት አጠገብ አስቀመጡሽ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ።

ቀሪውን አሥር ቀን እንዴት እንዳሳለፍሁት ልንገርሽ? የድንኳኑን ነገር ለማቴዎስ ካልነገርሁ ብለሽ ስልኩን ስትፈልጊ፣ "ኔትወርክ የለም"፣ "ገበያ ሄዶ ይሆናል"፣ "ጆሮው አይሰማም፣ ሂሳብ ነው የምትጨርሺው" እያልሁ። የቀልድ ጎተራዬን ገልብጬ አፈሰስሁልሽ፤ በዚያን ሰሞን እንደቀለድሁ በዕድሜዬ ቀልጄ አላውቅም። አንድ ቀን መንገድ ዳር ከሚሸጥ ልብስ መካከል ለማቴዎስ ቡናማ ኮት መረጥሽ። ትከሻችሁ አንድ ነው ብለሽ ለእኔ አለበስሽኝ። "ዙር፣ እስቲ ከኋላ ልየው" አልሽ። ዞርሁ። "ለሱ ትንሽ እጅጌው ይረዝማል" አልሽ። የሟች ኮት ለብሼ እንደ ሞዴል ወገቤን ይዤ ሄድሁልሽ፤ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ።

ወደ ቤታችን፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ማታ ገባን። ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ከግቢው በር ሲዘልቁ በመስኮት አየሻቸው። ከእነዚያው ሰዎች ጋር በስንት ሰው ደጅ እንደገባሁ ታውቂያለሽ። ወደ እነሱ አልሄድሽም፤ ወደ እኔ ዞርሽ። ማን ሞተ አላልሽም። "መቼ?" አልሽኝ።

ከዳምቦያ ተመልሰሽ ከሳምንት በኋላ፣ እህል ስትለቅሚ፣ ቀና ሳትዪ ጠየቅሽኝ። የድንኳኑ ቀን ታውቅ ነበር? አዎ። ኮቱን ስታጠልቀውስ? አዎ። "በወንድሜ ለቅሶ አሳቅኸኝ" አልሽ። በአማርኛ አይደለም ያልሽው።

ከዚያ ወዲያ ሳቅሽን ከእኔ ላይ አነሣሽው። ለፍየሏ ትስቂያለሽ፣ ለጎረቤት ትስቂያለሽ፣ እኔ ብቅ ስል ገጽሽ ይዘጋል። ስንቱን ሞከርሁ። የሹራቤን እጅጌ በእግሬ አጥልቄ ሳሎን ድረስ መጥቻለሁ፤ "ይበርድሃል" ብለሽ አለፍሽኝ። ዛሬ መልስ ስለማትሰጪኝ ልናገረው፤ ይህም ግፍ ነው። ጥፋቴን አልካድሁም። ግን ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ጉማውን ከፍሎ፣ ሽማግሌ ገብቶ ይታረቃል። እኔ በሁለት ዓመት አንዲት ሳቅ አጣሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ ይቅር ያልሽኝ መስሎኝ ጆሮዬን ሳቆም፣ "እኔ ስሞት ደግሞ ለወይንሸት የሚሆን ቀልድ ፈልግላት" አልሽኝ።

ከዚያ ሦስት ቀን ታመምሽና ሄድሽ። የመጨረሻ ቃልሽ "መስኮቱን ዝጋው" ነበር። ትርጉም ፈለግሁለት፤ የለውም። በርዶሽ ነው።

በተቀበርሽ በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ወይንሸት እንደ ልማዷ ደወለች። ቤቱ ለቀስተኛ እንደሞላ ነው። ጴጥሮስ ሁሉንም ዝም አሰኝቶ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። "አንተ ያዛት፣ አንተ ታውቅበታለህ" አለ። አወቅሁበት። "እናትሽ እኔን ጥላ ዳምቦያ ሸፍታለች፤ አሮጊት ስትኮበልል አይተሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት። ሳቀች። የሚቀጥለው እሑድ ስልክሽን ድስት ውስጥ ጣልሽው። ከዚያ ታማሚ ዘመድ ልትጠይቂ ዶዮገና ሄድሽ፤ ከዚያ ጉሮሮሽ ተዘጋ። ሰባት እሑድ አዟዟርሁሽ፤ በሕይወትሽ ያን ያህል ዞረሽ አታውቂም። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ ድንጋጤ ልጁን ያስወርዳል ይሉኛል፤ እኔም አምናለሁ፣ እፈራለሁም።

በሰባተኛው እሑድ ግን፣ "ድምጿን ካልሰማሁ አልተኛም" አለች። ጴጥሮስ ስልክሽን ከፈተ። አምና ጉንፋን ይዞሽ ሳለ የላክሽላትን የድምፅ መልእክት ፈልጎ አገኘውና ከራስሽ ስልክ እንደገና ላከው። "ወይንሸትዬ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ጉሮሮዬን ትንሽ ነው። አታስቢ" ትያለሽ። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ወዲያው የእሷ መልስ መጣ። "እማዬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ልጁ ሆዴ ውስጥ ዘለለ።" ጴጥሮስ እፎይ አለ። ሚስቱም እፎይ አለች። እኔ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እኔ ያታለልሁሽ በቁምሽ ነበር፤ አሁን አንቺኑ ከመቃብር አውጥተን ልጅሽን እንድታታልዪ አደረግንሽ።

በማግሥቱ ማንንም ሳላማክር ለባሏ ለዳንኤል ደወልሁ። አይሆንም አለ፤ ተቆጣ፤ አለቀሰም። እንዲህ አልኩት። "ወጉ መደበቅ መስሎን ኖርን፤ ወጉ ብቻዋን እንዳትሰማው ነው። ሰው ሰብስብላት።" እዚያ አንዲት የዱራሜ ልጅ አዋላጅ ነርስ አለች፤ ቅዳሴ አብረው የሚያስቀድሱ ሴቶችም አሉ። ጴጥሮስ ነገሩን ሲሰማ ፊቴ ቆሞ፣ "አባባ፣ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን በአንተ እጅ ነው" አለኝ። "አዎ፣ በእኔ" አልኩት። ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም፤ እህል አልቀመሰም ብለሽ እንዳታዝኚ፣ ቆጮውን ቀምሻለሁ።

ረቡዕ ንጋት ላይ ሴቶቹ ገብተው ከበዋት ሲጨርሱ ዳንኤል ደወለ። ስንቱን ሰው መርዶ ሳረዳ ዙሪያ ጥምጥም የምሄደው ከዝናብ ጀምሬ፣ ከከብት ጀምሬ ነው። ለእሷ አልጀመርሁም። "ወይንሸት፣ እናትሽ ሞታለች። ሁለት ወር ሊሆናት ነው። ሰባት እሑድ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ" አልኳት። የሰማሁትን ጩኸት አልጽፍልሽም። ሴቶቹ ሲይዟት ሰማሁ፤ አንዲቱ በከምባትኛ፣ ሌላይቱ በሀዲይኛ ያባብሏታል። ስልኩን አልዘጋሁም። ብዙ ቆይቶ እሷው አነሣችው። ድምጿ ተዘግቷል። "በመጀመሪያው እሑድ፣ ሸፍታለች ስትለኝ፣ ሳቅሁ አይደል?" አለችኝ።

ሳቅሽ፣ አልኳት።

የአንቺኑ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ ቴሬዝዬ። ልጅሽ ናት።

ነርሷ በየቀኑ ትመጣላታለች። ልጁ እስከ ዛሬ ደህና ነው፤ ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ደግ ሥራ ሠራሁ ብዬ አልጽፍልሽም፤ ያን የምናውቀው ስትገላገል ነው፤ ያኔም ላናውቀው እንችላለን። ጴጥሮስ አያናግረኝም። ሰላምታ ይሰጠኛል፤ እንደ መሥሪያ ቤት።

ትናንት ራሷ ደወለች። ለእኔ ልታዝንልኝ አይደለም። ቀብርሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገረኝ አለች። ምን አልብሰው ገነዟት፣ ከዳምቦያ ማን ማን መጣ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር አረፈች፣ አፈሩ ቀይ ነው ጥቁር፣ አንተ የት ቆመህ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ነገርኳት። አንዱንም አላጣፈጥሁም። አንዲት ብቻ አመለጠችኝ፤ አባ በጭቃው ተንሸራተው መቃብሩ አፋፍ ላይ ቁጭ ሲሉ፣ ቀድመውሽ ሊገቡ ነው ብዬ መስጋቴን ነገርኳት። ልማድ ነው። እሷ ግን "ቀጥል አባባ" አለችኝ። ቀጠልሁ።

ዛሬ ስምንተኛው እሑድ ነው። ይደወል አይደወል አላውቅም፤ ቢደወል የሚዋሽ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። አንቺን የማስታወሱን ነገር በተመለከተ ተከፋፍለነዋል። አውሮፕላን ውስጥ ሰው ስትጨብጪ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ስትስቂ፣ ያንን ልጆቹ ይያዙት፤ ለልጅ ልጆቻቸውም ይንገሩት፣ ደስ ይላል። ያልሳቅሽባቸውን ሁለት ዓመታት ግን ከእኔ በቀር የሚያውቃቸው የለም። እነሱን ለማንም ሳላካፍል፣ ቀን በቀን፣ እኔ አስታውሳቸዋለሁ።

ባልሽ
ከሆሳዕና